ከመነሻ በፊት ላለችው ግማሽ ሰዓት፦ ስለ ከባድ ተሽከርካሪዎች የቅድመ ጉዞ ምርመራ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት
ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ባለንብረቶችና ማኅበሮቻቸው

ጉዳዩ፦ የቅድመ ጉዞ ምርመራ አስገዳጅ፣ ጊዜ የተመደበለትና በፊርማ የሚረጋገጥ እንዲሆን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለንብረቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጅቡቲ መስመር ላይ ከነተሳቢው የጭነት መኪና ሳሽከረክር ቆይቼ፣ አሁን አዳማ ውስጥ በጥገናና በስምሪት ሥራ ላይ የምገኝ ባለሙያ ሆኜ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ማንኛውም ከባድ የጭነት መኪናና አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከመነሻው ከመንቀሳቀሱ በፊት በአሽከርካሪው እንዲፈተሽ፣ የተገኘው ጉድለት በወረቀት እንዲሰፍር፣ ጉድለቱ ስለመጠገኑ ባለንብረቱ ወይም ወኪሉ በፊርማው ኃላፊነት እንዲወስድ፣ ጉድለት ያለበትን መኪና አላንቀሳቅስም ያለ አሽከርካሪም ከእንጀራው እንዳይፈናቀል ሕግ እንዲከልለው እጠይቃለሁ። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ከሌለ የቀሩት ወረቀት ብቻ ሆነው እንደሚቀሩ ከወዲሁ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ አስረዳለሁ።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ ቦሎ የሚለጠፈውም ይህ ምርመራ ሲታለፍ ነው። ለምርመራው ቀን ጎማ ስለመዋስ የሚወራውን እዚህ አላነሳም። ሁሉም ነገር በንጽሕና ቢከናወን እንኳ፣ ዓመታዊው ምርመራ የሚመሰክረው መኪናው በዚያች ቀን፣ ባዶውን፣ ለጥ ባለ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደነበረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ጅቡቲ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። የፍሬን ሸራው ይበላል፣ የአየር ቱቦው ከሻሲው ጋር እየተፋተገ ይሳሳል፣ የጎማ ዳዶው ይላላል፣ የባሌስትራው አንድ ቅጠል ይሰበራል። ቦሎው ግን ዓመቱ እስኪሞላ መስታወቱ ላይ ይቆያል፤ ትራፊክ ፖሊሱም የሚያየው ቦሎውን ነው።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ጎጃም የሚሄድ መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ይጠብቀዋል። በደሴ መስመር ጣርማ በር አለ፤ ከደባርቅ ወደ ሽሬ ለሚወርድ ደግሞ ሊማሊሞ አለ። በእነዚህ ቦታዎች መኪና ሲገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ፍሬኑ እምቢ ማለቱን ነው፤ ወሬውም እዚያ ላይ ይዘጋል። ፍሬን ለምን እምቢ እንደሚል ግን ሊነገር ይገባል፤ ምክንያቱ ከታወቀ ምርመራው ጠዋት ለምን መደረግ እንዳለበትም ይታወቃልና።

ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑና ሞተሩ ተጋግዘው መዋጥ ያለባቸው ጉልበት፣ 11 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጋር ይተካከላል። የዓባይ ቁልቁለት ደግሞ ከዚህ ከፍታ ይበልጣል። ሞተር ፍሬኑ የማይሠራ ወይም አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ያልያዘው መኪና ይህን ሙቀት ከሞላ ጎደል በሙሉ ለፍሬን ታምቡሩና ለሸራው ያሸክመዋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ከወትሮው ይበልጥ ርቆ መሄድ ይኖርበታል። ፍሬኑ ከላላ ቆይቶ ዘንጉ በቀዝቃዛውም ጊዜ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ከነበረ፣ ቁልቁለቱ መካከል ላይ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። በዚህ ላይ የጋለው ሸራ ራሱ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ይረገጣል፣ የአየር መለኪያውም በቂ አየር እንዳለ ያሳያል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ያው ፍሬን ጠዋት በሜዳ ላይ ሲሞከር ጥሩ አድርጎ ይዞ ነበር፤ አሽከርካሪው «ፍሬኔ ደህና ነበር» ሲል የሚናገረው እውነት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት በመርገጥ ብቻ አይገኝም፤ ከሥር ገብቶ ማየትን ይጠይቃል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፣ አየሩ ይሞላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ከዚያም አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው በየቻምበሩ (በየጎማው አጠገብ ባለው፣ በአየር ግፊት ዘንጉን በሚገፋው ጣሳ) ዘንጉ ምን ያህል እንደሚወጣ ያያል። በብዛት ለሚገኘው 30 ቁጥር የተባለ መጠን ላለው ቻምበር በአሜሪካ የተወሰነው ገደብ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዘንጉ ላይ ፔዳሉ ሳይረገጥ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ተረግጦ ሲወጣ በማስመሪያ መለካት ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው። ከግራና ከቀኝ ያሉት ዘንጎች የሚሄዱበት ርቀት የተለያየ ከሆነም መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ወገን እንደሚጎትት አስቀድሞ ይታወቃል።

የአየሩ ፍተሻ ከዚህም ይቀላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው መለኪያና ከአንድ የእጅ ሰዓት በቀር ምንም አይፈልግም። አየሩ ሞልቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ተረግጦ ይያዛል። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ነጠላ መኪና በዚያች ደቂቃ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. (የአሜሪካኖቹ የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ተሳቢ ያለው ደግሞ ከ4 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ እንዲቀንስ አይፈቀድም፤ በእኛ መለኪያዎች ላይ በሚነበበው ባር ሲሰላ ከ0.2 እና ከ0.3 ባር ገደማ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ፔዳሉ ደጋግሞ እየተረገጠ አየሩ እንዲወርድ ይደረጋል፤ 4 ባር አካባቢ ሲደርስ የማስጠንቀቂያው መብራት ወይም ድምፅ መምጣት አለበት፤ ከዚያም በታች ሲወርድ፣ ከ3 እስከ 1.4 ባር ባለው ውስጥ፣ አየር ሲያጥር በስፕሪንግ ኃይል የሚይዘው ፍሬን ራሱ መኪናውን መያዝ አለበት። የማስጠንቀቂያው ድምፅ እያስቸገረ ነው ተብሎ ሽቦው የተነቀለባቸው መኪናዎች አጋጥመውኛል። ከአየር ታንኩ ውስጥ ውኃና ዘይት በየጠዋቱ ማውጣትም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ታንኩ ውስጥ ውኃ በያዘው ቦታ ልክ አየር አይኖርም፣ ቫልቮቹንም ውኃው ያዝጋቸዋል።

ተሳቢውን በሚመለከት ለብቻው የምለው አለኝ። በብዙ መኪኖች ላይ ወደ ተሳቢው የሚሄደው የአየር ቱቦ መክፈቻና መዝጊያ አለው፤ ተሳቢው ተፈትቶ ሲገጠም ይህ መክፈቻ ተዘግቶ ከቀረ የፊተኛው መኪና መለኪያ ሙሉ አየር ያሳያል፣ ተሳቢው ግን ያለ ፍሬን ይጎተታል። ሸክሙ ግማሽ ያህሉ ያለ ፍሬን ከኋላ ሲገፋ መኪናው ቁልቁለትና ጠምዛዛ ላይ ምን እንደሚሆን ለዚህ መስመር ሰው መንገር አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከመውጣት በፊት ፔዳሉን አስረግጦ የተሳቢው ዘንጎች መንቀሳቀሳቸውን በዓይን ማየት፣ ቀጥሎም ከግቢው ሳይወጡ ቀስ ብሎ እየነዱ በተሳቢው ፍሬን ብቻ ለመያዝ መሞከር ነው። የመጎተቻው ዘንግ፣ ፒኑና የፒኑ መቆለፊያም አብረው ይታያሉ። አየር ሲያጥር በስፕሪንግ የሚይዘው ፍሬን ሲበላሽ፣ እንዳይዝ ስፕሪንጉን በብሎን ቆልፎ ጋራዥ እስኪደርሱ መንዳት የተለመደ ነው፤ ችግሩ ጋራዥ ከተደረሰ በኋላ መኪናው እንደተቆለፈ ለቀጣዩ ምልልስ መሰማራቱ ነው።

ጎማን የሚመለከተው ክፍል ብዙ የተሳሳተ ልማድ ያለበት ስለሆነ በሰፊው ላነሳው እወዳለሁ። ረዳቱ ፌሮ ይዞ ጎማዎቹን እየመታ ይዞራል፤ ይህ ፈጽሞ የተነፈሰውን ከሞላው ለመለየት ይረዳል እንጂ፣ ከሚገባው ሩቡን ያህል አየር ያጣውን ጎማ ድምፁ አይናገርም። ጥንድ ሆነው ከሚሄዱት የኋላ ጎማዎች አንዱ ሲተነፍስ ሸክሙን ጓደኛው ይሸከምለታል፤ ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ቆመዋል። ያለ ልኩ የተሸከመው ይግላል፣ የተነፈሰው ደግሞ እየታጠፈና እየተዘረጋ ከእሱ ይብሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይ ይፈነዳል ወይ ይቃጠላል። በእነዚህ ጥንድ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም እንዲሁ የሁለቱንም ጎን ይቆርጣል፤ ካልተወገደም ሲወረወር ከኋላ የሚመጣውን መኪና መስታወት ይመታል። ስለዚህ ጎማ በመለኪያ እንጂ በጆሮ አይመረመርም፤ መለኪያው ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው የሚያዘው።

ከሎጊያ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ እኩለ ቀን ላይ ጎማው ሲግል ግፊቱ እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃል፤ ስለሆነም «እንዳይፈነዳ» ተብሎ ቆሞ አየር ማስተንፈስ የቆየ ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። ጎማ ሠሪው ይህን የሙቀት ጭማሪ አስቀድሞ አስቦበታል፤ አደገኛው ነገር ከሚገባው በታች አየር ይዞ መሄድ ነው። በጋለበት ሰዓት የተቀነሰው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማውን ከልኩ በታች ያወርደዋል፤ በማግሥቱ ያው ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ አሽከርካሪውም ጋለ ብሎ እንደገና ያስተነፍሰዋል። ለመሪ ጎማዎች ደግሞ ላያቸው እንደገና የተለበጠውን ጎማ መጠቀም፣ ርካሽ ነው ቢባልም፣ እኔ በማሰማራው መኪና ላይ አልፈቅደውም። ከጎማው ጋር የዳዶዎቹ ነገር አለ፤ ከዳዶው ሥር እንደ ጨረር የተዘረጋ የዝገት መስመር ወይም ተፋትጎ የሚያብለጨልጭ ብረት ከታየ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። ጎማ የተቀየረለት መኪና ጥቂት ርቀት ከሄደ በኋላ ቆሞ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ግዴታ መሆን አለበት፤ ከጎሚስታው ዘንድ ተነሥቶ ሳይቆም ሞጆ የሚደርስ ሰው ይህን የሚያስታውሰው አንድ ጎማ ቀድሞት ሲሄድ ነው።

የቀረውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የመሪው ልቅነት፣ የባሌስትራ ቅጠሎች፣ የዘይትና የውኃ መጠን፣ ቺንጋው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ ክላክሱ፣ ስፖኪዮው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ በአንድ ዙር የሚታዩ ናቸው። የተሳቢ መብራትን ግን ችላ ልለው አልችልም፤ በሌሊት መንገድ ዳር የቆመ፣ የኋላ መብራትም አንጸባራቂም የሌለው ተሳቢ ሥር የገባችው ሚኒባስ በየክረምቱ ዜና ናት። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይዞ መጓዝ ለአንድ ምልልስ ከሚወጣው የናፍጣ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ አሁንም የተበላሸ መኪና ምልክቱ ቅጠልና ድንጋይ ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድም ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለሁለት ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የማይሠራው ሰው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። አሽከርካሪው የሚከፈለው በአብዛኛው በምልልስ ነው፤ ስለዚህ ለምርመራ የሚያጠፋው ጊዜ ከኪሱ የሚወጣ ነው። ባለንብረቱም መኪናው ስንት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ እንደተመለሰ እንጂ ስንት ጉድለት በጊዜ እንደተገኘለት አይቆጥርም። ጭነት የሚጠብቀው ደንበኛ ይደውላል፣ የስምሪት ሠራተኛው ይደውላል፣ ምርመራው ለረዳቱ ይተዋል። ረዳቶችን አላቃልልም፤ ዛሬ የምናከብራቸው አሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ከረዳትነት የተነሡ ናቸው። ነገር ግን ደመወዝ የሌለው ወይም ከአሽከርካሪው እጅ ጥቂት የሚሰጠው፣ ሥልጠና ያልወሰደ፣ ሌሊቱን ጭነት ሲጠብቅ ያደረ ልጅ «ሁሉም ደህና ነው» ቢል በእሱ ቃል ላይ 40 ቶን ማንቀሳቀስ አግባብ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ግን ጉድለት ከተገኘ በኋላ የሚሆነው ነው። የትራፊክ ቁጥጥሩ ቅጣቱንና የጥፋት መዝገቡን በዋነኛነት የሚያሳርፈው በአሽከርካሪው ላይ ነው። አሽከርካሪው ፍሬኑ ሸራ እንደጨረሰ ተናግሮ ባለንብረቱ «ይችን ምልልስ ጨርሰህ ና» ካለው፣ አደጋው ሲደርስ ንግግሩን የሚመሰክርለት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ ካላስወገደለት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። መብቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራውን ትቶ እንዲሄድ የሚፈቅድ መብት ነው። ለቤተሰቡ የቤት ኪራይ የሚከፍል አሽከርካሪ የሚያስፈልገው ሥራውን ሳይለቅ «ይህ መኪና እስኪጠገን አልነዳውም» ማለት መቻል ነው። እሱ እምቢ ሲል ከበሩ ላይ ሌላ አሽከርካሪ ቁልፉን ተቀብሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ መኪናው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከእነሱ ጋር የተነጋገረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እዚያ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው መሪ ከመጨበጡ በፊት መኪናውን እየዞረ፣ እያንዳንዱን ክፍል እየነካ፣ ምኑን እንደሚያይና ለምን እንደሚያይ ለፈታኙ ማስረዳት አለበት። ሥራ ላይ ከዋለም በኋላ ከመንዳቱ በፊት መኪናው ለጉዞ ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ ቀደም ሲል የተመዘገበ ጉድለት ካለም መጠገኑን አይቶ እንዲፈርም የፌዴራሉ ደንብ ያስገድደዋል። ወገኖቻችን እዚያ የሚያደርጉትን እዚህ ያላደረጉት በባሕርይ ተለውጠው አይደለም፤ እዚያ የሚጠይቃቸውና የሚጠብቃቸው ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የአገሪቱ የየብስ ትራንስፖርት ሕግ ጉድለት ያለበትን መኪና አልነዳም በማለቱ የተባረረ ወይም የተቀጣ አሽከርካሪ በ180 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክትና ወደ ሥራው እንዲመለስ መንገድ ከፍቷል። ከዚያ አገር ልንወስደው የሚገባን ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

መጠንቀቅ የሚገባንም ነገር ከዚያው አገር እንማራለን። የጭነት አሽከርካሪዎች ጉድለት ባይኖርም በየቀኑ «ጉድለት የለም» የሚል ወረቀት ሞልተው እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ መንግሥት ይህን ግዴታ ለጭነት መኪኖች አንሥቶ ጉድለት ሲገኝ ብቻ እንዲጻፍ አደረገ። የምርመራው ግዴታ ግን አልተነሣም። እኛ ዘንድ በሳጥን የተሞላ ረጅም ቅጽ ቢታዘዝ ምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብደኝም፤ የሳምንቱ ወረቀት ሰኞ ጠዋት በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ያድራል። ስለዚህ የምጠይቀው ቅጽ «ደህና» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳይሆን የተለካ ቁጥር የሚጻፍበት እንዲሆን ነው፦ አየሩ በደቂቃ ስንት ቀነሰ፣ የየጎማው ግፊት ስንት ነው፣ የየቻምበሩ ዘንግ ስንት ሳንቲ ሜትር ሄደ፣ የተገኘው ጉድለት ምንድን ነው። ቁጥርን በሐሰት መሙላት ይቻላል፤ ሆኖም ለስድስት ወር ያህል አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ቁጥር ሸራው በየጊዜው ከሚበላ መኪና ላይ የተለካ እንዳልሆነ ራሱ ያጋልጣል።

በዚህ መሠረት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ብቻ የሆነ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ የተዘጋጀ ቅጽ በመመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ቅጹ በሁለት ቅጂ ተሞልቶ አንዱ በአሽከርካሪው እጅ ይሁን፤ ጉድለት ከተጻፈበት ባለንብረቱ ወይም የስምሪት ኃላፊው የተጠገነበትን ቀን ጽፎ ሳይፈርም መኪናው እንዳይወጣ፣ ፈርሞ ካስወጣው ደግሞ ቅጣቱ ከአሽከርካሪው ይልቅ በእሱ ላይ እንዲያርፍ ይደንገግ። የትራፊክ ፖሊስ ከቦሎው ጋር የዚያን ቀን ቅጽ እንዲጠይቅ፣ ከተጻፈው ውስጥም አንዱን ብቻ መርጦ በቦታው እንዲያመሳክር ይሠልጥን፤ አንድ ጎማ ለክቶ ከቅጹ ጋር ማስተያየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሥልጠናና ፈተናን የሚገዛ ስለሆነ፣ የከባድ ተሽከርካሪ ተፈታኝ ከመንዳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ እየነካ እንዲያስረዳ የሚያደርግ የፈተና ክፍል በመመሪያ ደረጃ ሊጨመር ይችላል ብዬ አምናለሁ። አልነዳም ያለን አሽከርካሪ የሚጠብቀው ድንጋጌ ግን በመመሪያ የሚሆን አይመስለኝም፤ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ተመክሮበት በሕግ መምጣት አለበት።

ለመድን ፈንዱ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ከሆነ ወዲህ የአደጋው ዕዳ በከፊል በመድን ሥርዓቱ ላይ እየወደቀ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ የቅድመ ጉዞ ቅጹ ከአደጋው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ቢደረግ፣ የትኛው ጉድለት የት ቦታ ላይ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያጠፋ ከግምት ወጥቶ በማስረጃ ይታወቃል። ዛሬ ፍሬን እምቢ አለ ተብሎ በአንድ መስመር የሚዘጋው ጉዳይ የላላ ዘንግ ይሁን፣ የተዘጋ የተሳቢ መክፈቻ ይሁን፣ ያልሠራ ሞተር ፍሬን ይሁን መለየት የምንችለው በዚህ መንገድ ነው።

ለባለንብረቶች ደግሞ በሒሳብ ቋንቋ ልናገር። ግማሹን ሰዓት ከምልልሱ ክፍያ ላይ ጨምራችሁ ለአሽከርካሪውና ለረዳቱ ክፈሉ፤ አንድ የጎማ መለኪያ፣ ሁለት ታኮ፣ ማስመሪያና ጠመኔ በየመኪናው አስቀምጡ። የምታወጡት ወጪ በጉዞ መካከል ከሚፈነዳ አንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም፤ የሚቆመውን መኪና፣ የሚበላሸውን ጭነትና የፍርድ ቤቱን ምልልስ አልቆጠርኩም። የመለዋወጫና የጎማ ዋጋ መናሩን፣ የውጭ ምንዛሪ ችግሩን አውቃለሁ፤ በየቀኑ የምሟገተው ከእሱ ጋር ነው። መለዋወጫ የለም ማለት ግን መኪናው ይቁም ለማለት ምክንያት እንጂ ይሂድ ለማለት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሥራውን በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ መጀመር ካስቸገረ ከሞጆ ደረቅ ወደብና ከጋላፊ ይጀመር። መኪኖቹ በሁለቱም ቦታዎች ወረፋ ሲጠብቁ ሰዓታት ስለሚያሳልፉ ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት እዚያ አይሠራም፤ የሚያስፈልገው ደልዳላ የሆነ መሬት፣ በሌሊት የሚሠራ መብራትና ቅጹን የሚቀበል አንድ ባለሙያ ነው። ቅጹን በሙያ ረገድ ለማዘጋጀትና ለረዳቶች የሚሰጠውን ሥልጠና በነጻ ለመርዳት እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ዝግጁ ነን። በጉዳዩ ላይ የተወሰነው ምንም ይሁን ምን፣ መልሱ በዚሁ ደብዳቤ መልክ ለሕዝብ በግልጽ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በአዳማ ከተማ የከባድ ተሽከርካሪዎች የጥገናና ስምሪት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን
ለአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት